በአቃቂ ቃሊቲ የሞባይል ሲግናል የሚዳከምባቸው ምክንያቶች

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖች፣ የጉምሩክ ቅርንጫፍና ወደ ጅቡቲ የሚያመራ የከባድ ተሽከርካሪዎች መስመር የሚገኙበት አካባቢ መሆኑ ይታወቃል። በአካባቢው ከሚከናወነው ሥራ አብዛኛው ዛሬ በሞባይል ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ ነው። በየሱቁ የሚገኙት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ሪፖርታቸውን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስተላልፉት በሞባይል መስመር ነው። የጭነት መኪኖችን መገኛ የሚያሳውቁት መሣሪያዎችም እንዲሁ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ግብይት በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ማደያ ደርሶ ስልኩ ሲግናል ያጣ አሽከርካሪ ገንዘብ በሒሳቡ እያለ ነዳጅ ለመቅዳት ይቸገራል።

በዚህም ምክንያት "ኔትወርክ የለም" የሚለው አባባል በቢሮዎች፣ በመጋዘኖችና በማደያዎች በየዕለቱ የሚሰማ ሆኗል። አባባሉ ግን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ በርካታ ችግሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይጠራል። አንዳንዱ ችግር ከቴሌኮም ኩባንያው ምሰሶ፣ አንዳንዱ ከኤሌክትሪክ መስመሩ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቅሬታ አቅራቢው ከተቀመጠበት ሕንፃ ግድግዳ የሚመነጭ ነው። ምንጩ ሳይለይ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ሳያገኝ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚቀረውም ለዚህ ነው።

ገመድ አልባ ግንኙነት ለአቃቂ እንግዳ አይደለም። የኢጣሊያው አንሳልዶ ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በአገሪቱ የሬዲዮ ስርጭት ታሪክ የመጀመሪያውን ስፍራ የሚይዝ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኢጣሊያ ወረራ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ የአገሪቱን አቤቱታ ለውጭው ዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነበር። ጣቢያው ራሱ በኢጣሊያ ኩባንያ መሠራቱ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው። የአቃቂው አጭር ሞገድ በሰማይ ከሚገኘው በኤሌክትሪክ ከተሞላ የአየር ንብርብር ጋር እየተላተመ ወደ ምድር በመመለስ ውቅያኖስ የመሻገር ችሎታ ነበረው። ዛሬ በአካባቢው የሚሠራበት የሞባይል ሞገድ ግን ንብርብሩን ሰንጥቆ ወደ ሕዋ ይወጣል እንጂ ወደ ምድር አይመለስም። ስለሆነም የሚያገለግለው በምሰሶውና በስልኩ መካከል በሚገኘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በዚያ መካከል የሚቆመው ነገር ሁሉ ያሰናክለዋል።

የሲግናል መጠን

በምሰሶ ላይ የሚሰቀል የሞባይል ማሰራጫ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ኃይል ይለቃል። ለምሳሌ 20 ዋት ብንወስድ፣ ጥሩ ሲግናል አለው በሚባል ስፍራ የቆመ ስልክ ከዚህ ኃይል የሚደርሰው ከአንድ ዋት አንድ ትሪሊዮንኛው ያህል ነው። በሌላ አነጋገር ሃያ ትሪሊዮን ጊዜ ተመንምኖ የደረሰ ኃይል ለመደበኛ ውይይት በቂ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ግዙፍ ልዩነት በተራ ቁጥር ማስላት አስቸጋሪ በመሆኑ ባለሙያዎች ዴሲቤል በተባለ መለኪያ ይጠቀማሉ። በዚህ መለኪያ 3 ዴሲቤል መቀነስ ኃይሉ በግማሽ መውረዱን፣ 10 ዴሲቤል መቀነስ ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ዴሲቤል መቀነስ ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ መውረዱን ያመለክታል።

በስልክ ላይ የሚታዩት መስመሮች የዚህ ልኬት ጥቅል መግለጫ ናቸው። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ስልኩ የሚያሳውቀው ልኬት ከነጌቲቭ 51 እስከ ነጌቲቭ 113 ዲቢኤም ይዘልቃል፤ ከዜሮ የራቀው ቁጥር ደካማው ነው። መስመሮቹ የሚበራከቱበትን ወሰን እያንዳንዱ ስልክ አምራች በራሱ ስለሚወስን፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንደኛው አራት፣ ሌላው ሁለት መስመር ቢያዩ የግድ የተለያየ ሲግናል ደርሷቸዋል ማለት አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች የሲም ካርድ ሁኔታን በሚያሳየው የቅንብር ገጽ ውስጥ ይገኛል።

ርቀትና የሞገዱ ዓይነት

ምንም ዓይነት መሰናክል በሌለበት ሜዳ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ቤቶች በተጨናነቁበት አካባቢ ግን ቅነሳው ከ11 እስከ 16 ጊዜ ሊደርስ ይችላል። የሞገዱ ድግግሞሽም ወሳኝ ነው። በ900 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ማሰራጫ ከ1800 ሜጋኸርትዙ ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ርቀት የ6 ዴሲቤል ብልጫ አለው። ለአምስተኛው ትውልድ ከሚውሉት ሞገዶች አንዱ ከሆነው 3500 ሜጋኸርትዝ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ብልጫው ወደ 12 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ይህም 15 ጊዜ ያህል ነው። በመሆኑም አዲስ ቴክኖሎጂ መጣ ማለት በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የተሻለ ሲግናል መጣ ማለት አይደለም። ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ሞገድ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ዝቅተኛ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ ግንኙነቱ የሁለትዮሽ መሆኑ ነው። የአራተኛው ትውልድ ስልክ ወደ ምሰሶው የሚልከው ከፍተኛ ኃይል 0.2 ዋት ገደማ ነው። ምሰሶው ጮኾ ሲናገር ስልኩ በሹክሹክታ ይመልሳል ማለት ይቻላል። መስመሮቹ በስልኩ ላይ እየታዩ ጥሪው የማይወጣበት ወይም ክፍያው ሳይረጋገጥ የሚንጠለጠልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ስልኩ ምሰሶውን ይሰማል፣ ምሰሶው ግን ስልኩን አይሰማም።

ቆርቆሮ፣ ኮንክሪትና ኮንቴይነር

በአቃቂ ቃሊቲ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ክፍል ነው። የአካባቢው ሕንፃዎች ከሌላው የከተማዋ ክፍል የሚለዩት በብረት ብዛታቸው ነው። የፋብሪካ አዳራሾችና መጋዘኖች ጣሪያቸው፣ ብዙዎቹም ግድግዳቸው ጭምር በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። የሞባይል ሞገድ ብረት ውስጥ ዘልቆ የሚገባው በጥቂት የሚሊ ሜትር ሺህኛ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ላይ የሚቀባው ስስ የዚንክ ልባስ እንኳ አብዛኛውን ሞገድ ለመመለስ ይበቃል። ቀጭን ቆርቆሮ አነስተኛ እንቅፋት ይሆናል የሚለው ግምት ስለዚህ ትክክል አይደለም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከቀጭን ቆርቆሮ ይልቅ ሲግናል ያሳልፋል።

ወደ ቆርቆሮ መጋዘን የሚገባው ሲግናል በበር፣ በመስኮትና በክፍተቶች በኩል ነው። የ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ከዚህ ግማሽ በታች የሆኑ ቀዳዳዎች እምብዛም አያሳልፉትም። የመጋዘን ጠባቂ በሩን ሲከፍት ስልኩ የሚሠራው፣ ሲዘጋው የሚቋረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ለብርሃን ተብሎ በጣሪያ ላይ በየመካከሉ የሚገባው ነጭ ፕላስቲክ ቆርቆሮም ለሲግናል መግቢያ በር ሆኖ ያገለግላል፤ ሞገዱን ያለብዙ ብክነት ያሳልፋል። አዳራሽ የሚያሠራ ድርጅት በግንባታ ወቅት ጥቂት ተጨማሪ የፕላስቲክ ንጣፎችን ቢያስገባ የሚያወጣው ወጪ በኋላ ለተጨማሪ መሣሪያ ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም።

የኮንክሪት ግድግዳ እንደ ውፍረቱና እንደ ብረቱ ብዛት ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል፣ ማለትም ከአሥር እስከ መቶ ጊዜ ሲግናሉን ሊቀንስ ይችላል። የሸክላ ጡብ ግድግዳ ጉዳቱ ከዚህ ያነሰ ነው። ብዙዎችን የሚያስገርመው የመስታወት ጉዳይ ነው። ተራ መስታወት ሲግናል አይከለክልም። የፀሐይ ሙቀት እንዲመልስ ስስ የብረት ልባስ የተቀባ መስታወት ግን ከኮንክሪት ግድግዳ ሊብስ ይችላል። ከዳር እስከ ዳር አንጸባራቂ መስታወት የለበሱ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ለመደወል ወደ ደረጃ ወይም ወደ በረንዳ የሚወጡት ለዚህ ነው።

የኮንቴይነር መከማቻ ስፍራ ደግሞ ራሱን የቻለ ባሕርይ አለው። በብረት የተሠሩ ኮንቴይነሮች ሦስትና አራት ሆነው ሲደራረቡ ከኋላቸው የሲግናል ጥላ ይፈጥራሉ፤ ፊታቸው ላይ ያረፈውን ሞገድ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንጸባርቃሉ። ድርድሩ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ትናንት ጥሩ ሲግናል የነበረበት ስፍራ ዛሬ ሊያጣ ይችላል። ምሰሶው ያልተንቀሳቀሰ ቢሆንም መልክዓ ምድሩ ተለውጧል። በኮንቴይነር ላይ የሚታሰር የመከታተያ መሣሪያ በዚህ ረገድ ድርብ ችግር አለበት። መገኛውን የሚያውቀው ከምድር ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚዞሩ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚመጣ እጅግ ደካማ ሲግናል ነው፤ ያወቀውን የሚያሳውቀው ደግሞ በሞባይል መስመር ነው። አንዱ ቢሠራና ሌላው ቢቋረጥ በማዕከሉ ስክሪን ላይ የሚታየው የቆየ መገኛ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ክፍተት የአሽከርካሪው ጥፋት አድርጎ ከመመዝገብ በፊት መኪናው የቆመበትን ስፍራ ማጣራት ተገቢ ነው።

መልክዓ ምድርና የሞገድ መደራረብ

ክፍለ ከተማው ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ በሚያዘቀዝቀው የከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል ላይ ይገኛል። የትልቁና የትንሹ አቃቂ ወንዞች ሸለቆዎች ያቋርጡታል፤ ወደ ዳር ሲወጣ ደግሞ እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ ኮረብታማ ስፍራዎች ይገኛሉ። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለ መንደር ምሰሶው በአየር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢርቀውም በመካከል ያለው ከፍታ ሲግናሉን ሊጋርደው ይችላል። ሞገድ ከኮረብታ ጫፍ ላይ በጥቂቱ ጎንበስ ብሎ የመውረድ ባሕርይ ቢኖረውም በዚያው መጠን ይዳከማል። በእነዚህ ስፍራዎች የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጥርት ብሎ እየተሰማ ሞባይል ሲጠፋ ነዋሪው ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ረጅምና ጎንበስ የማለት ችሎታው የተሻለ ሲሆን፣ የሚለቀቀውም ከከፍተኛ ስፍራ በከፍተኛ ኃይል ነው።

ከዚህ በተቃራኒ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች የላይኛው ፎቅ ላይ የሚታየው ችግር የሲግናል ማነስ ሳይሆን መብዛት ሊሆን ይችላል። የምሰሶ አንቴናዎች የሚሰቀሉት ወደ ምድር ትንሽ ዘንበል ተደርገው ነው። ከፍ ያለ ወለል ላይ ያለ ስልክ በርካታ ምሰሶዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ አንዱ በሌላው ላይ ይጮኻል። መስመሮቹ ሞልተው ድምፁ የሚቆራረጠው ያን ጊዜ ነው።

በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ጥሪን ሊያድን የመቻሉ ነገርም ተጨባጭ ምክንያት አለው። ሲግናል ከግድግዳ፣ ከመኪናና ከቆርቆሮ እየተንጸባረቀ በብዙ መንገድ ወደ ስልኩ ይደርሳል። የተለያዩት መንገዶች በአንድ ስፍራ ሲደጋገፉ በሌላው ይጣፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥር ሳንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። በብረት በተከበበ የፋብሪካ አካባቢ ይህ መለዋወጥ ጎልቶ ይታያል።

ዝናብና መብራት

በክረምት ወራት ኔትወርክ ሲጠፋ ዝናቡን ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ዝናብ በስልኩና በምሰሶው መካከል ባለው የ900 ወይም የ1800 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጉዳት የሚያደርሰው ከዚህ በላቀ ድግግሞሽ በሚሠሩ መስመሮች ላይ ነው። ምሰሶዎች በኦፕቲካል ፋይበር ካልተገናኙ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ክብ ሳሕን በሚመስሉ የማይክሮዌቭ አንቴናዎች ሲሆን፣ በ15 ጊጋኸርትዝ በሚሠራ መስመር ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ኃይለኛ ዝናብ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ሊያባክን ይችላል። በ8 ጊጋኸርትዝ ግን ብክነቱ 1 ዴሲቤል ገደማ ነው። መስመሩ ረዘም ያለ ከሆነ ምሰሶው እንደቆመ፣ ሲግናሉም በስልክ ላይ እየታየ አገልግሎቱ ይቋረጣል።

በ1990ዎቹ ወረዳዎችን ከማዕከል ያገናኘው የወረዳ ኔት መርሐ ግብርና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ትምህርት ያሠራጨው ፕሮግራም በሳተላይት ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ፣ ከባድ ዝናብ በሳተላይት መስመር ላይ የሚያሳድረውን ተፅዕኖ በወቅቱ የሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ያስታውሱታል።

ማይክሮዌቭ አንቴናዎች ከዝናብ ሌላም ጠላት አላቸው። ሁለቱ አንቴናዎች የግድ መተያየት አለባቸው። መተያየት ሲባል ደግሞ በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ መስመር ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ክፍተትም ነፃ መሆን ይኖርበታል። በ8 ጊጋኸርትዝ በሚሠራ የ10 ኪሎ ሜትር መስመር አጋማሽ ላይ ይህ ክፍተት ከመካከሉ በየአቅጣጫው ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። ከተማዋ ወደ ደቡብ እየሰፋች በምትሄድበት በዚህ አካባቢ አዲስ ፎቅ ሲነሳ የቆየ መስመርን ሊያቋርጥ ይችላል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ከቴሌኮም ኩባንያዎች የመስመር ካርታ ጋር ማመሳከር ቢለምድ ይህ ዓይነቱ ችግር አስቀድሞ ይታወቃል። በአሁኑ ወቅት ጉዳዩ የሚታወሰው አገልግሎቱ ከተቋረጠ በኋላ መሆኑ አይካድም።

ከዝናብ ይልቅ አብዛኛውን የክረምት መቋረጥ የሚያስከትለው የኤሌክትሪክ ኃይል መጥፋት ነው። ምሰሶው መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ካለውም በጀነሬተር ይሠራል። ባትሪው የሚቆየው ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ በተደጋጋሚ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ወዲያው ያልጠፋ ኔትወርክ ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ሲጠፋ ምክንያቱን ከሰማይ ሳይሆን ከባትሪው መፈለግ ይሻላል። የአንድ ምሰሶ መጥፋት ደንበኞቹን ወደ ጎረቤት ምሰሶ ስለሚገፋ፣ መብራት ያልጠፋበት ሰፈርም በመጨናነቅ ይጎዳል። በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ደግሞ ተጠቃሚ በበዛ ቁጥር የምሰሶው የሽፋን ክልል ራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ዳር ላይ ያለው ደንበኛ ቦታውን ሳይለቅ ከሽፋን ውጪ ይሆናል።

የማጠናከሪያ መሣሪያዎች

ሲግናል ያጡ አንዳንድ ድርጅቶች ከገበያ የማጠናከሪያ መሣሪያ ገዝተው ጣሪያ ላይ ይሰቅላሉ። መሣሪያው የውጩን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ውስጥ፣ የውስጡንም ወደ ውጭ አጉልቶ ያስተላልፋል። በትክክል ካልተገጠመ ግን የውስጥና የውጭ አንቴናዎቹ እርስ በርስ እየተሰማሙ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ተቀባይ ስለሚደርስ የአካባቢው ደንበኞች በሙሉ ይታወካሉ። አንድ መጋዘን ችግሩን ሲፈታ ሙሉ ሰፈር ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል። የኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች ከመገጠማቸው በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እውቅና እንዲኖራቸው የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብዙ ሠራተኛ ላላቸው አዳራሾች የሚመረጠው የቴሌኮም ኩባንያው ራሱ የሚዘረጋው የቤት ውስጥ አንቴና ነው። ለሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ለመሰል ቋሚ ዕቃዎች ግን አንቴናውን በገመድ ወደ መስኮት ወይም ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ምንጩን ለመለየት

በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ቀላል ፍተሻ ማድረግ ተችሏል። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ካርዶች የያዙ ስልኮች በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ደካማ ሆነው ከሕንፃው ውጪ ሁለቱም ከተሻሻሉ ችግሩ የግድግዳው ነው፤ ለኩባንያ አቤት ማለትም ፋይዳ የለውም። አንዱ ብቻ ውስጥም ውጪም ደካማ ከሆነ የዚያ ኩባንያ ሽፋን ክፍተት ነው። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ ሥራው የማይሄድ ከሆነ መጨናነቅ ወይም ከምሰሶው በስተጀርባ ያለ መስመር መቋረጥ ይጠረጠራል። መብራት ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ባትሪው ነው።

አንድ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ልኬቱን፣ ስፍራውንና የመብራቱን ሁኔታ በአንድ ወረቀት ላይ ቢመዘግብ የሚያቀርበው አቤቱታ "ኔትወርክ የለም" ከሚለው የተለየ ይሆናል። ለምሳሌ በሁለተኛው ፎቅ መዝገብ ቤት ውስጥ ነጌቲቭ 112፣ በግቢው በር ላይ ነጌቲቭ 84 ዲቢኤም የሚል ንባብ ያለው ደብዳቤ የደረሰው የቴሌኮም ባለሙያ ወደ ስፍራው ከመሄዱ በፊት 28 ዴሲቤሉ የጠፋው ከምሰሶው እስከ ግቢው ባለው መንገድ ላይ ሳይሆን ከበሩ እስከ መዝገብ ቤቱ ባሉት ግድግዳዎች ውስጥ መሆኑን ያውቃል።